በግራ እጇ ስንዴ የያዘችው እመቤት

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀሽ ወይ? እህቴ ታትያስ ወለደች ወይስ ገና ናት? እኔ፣ አማልክት ይመስገኑ፣ ከደህናም በላይ ነኝ፤ ቀስ ብዬ ልንገርሽ።

ጌታዬ ሄርሚጶስ ለእህል እመቤታችን በዓል የሚወጣውን የከተማውን ነሐስ ሳንቲም ቀርጸህ ካስረከብክ ነጻ ትወጣለህ ብሎ ምሎልኝ ነበር። ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሳንቲም በሚመታበት ብረት ላይ፣ ሲመታ እንዲቃና፣ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው፤ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ። ፊደሉን በልማዴ ገለበጥኩት። እመቤቴን ግን፣ እኔ ጅሉ፣ ከደስታዬ ብዛት በቤተ መቅደሷ ስንዴ በቀኟ ይዛ እንዳየኋት ቀረጽኳት። ሦስት ሺህ ከተመታ በኋላ ሳየው ስንዴው በግራ እጇ ነው! በቃ አለቀልኝ፣ ባሪያ ሆኜ መሞቴ ነው አልኩ።

ሳንቲሙን አይተው የሚፈቅዱት የከተማው ሽማግሌዎች ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበሉት። አንዱ «ይቺ ግራኝ ናት እንዴ?» ሲል ሌላው «ድሮስ በግራዋ አይደል የያዘችው?» አለ። «ኧረ በቀኟ ነው! ስትሰግድ ዓይንህን ጨፍነህ ነበር?» አለው ሦስተኛው። እማዬ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሰግደውላት እጇን መለየት አቃታቸው! ቤተ መቅደሱ ደግሞ እስከ በዓሉ ዝግ ነው። ስለዚህ ማለዳ ማለዳ ምስሏን የምታለብሰውን አሮጊቷን አገልጋይ፣ አፍያን አስጠሩ። እሷስ እንዴት አታውቅ! ሳንቲሙን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። ላብ በላብ ሆኛለሁ። «እመቤቴ በሁለቱም እጇ ነው የምትሰጠው። እናንተ በየትኛው ብትሰጣችሁ ምን ቸገራችሁ?» ብላቸው ሄደች። አፍረው «ይውጣ» ብለው ፈቀዱት።

በበዓሉ ቀን ሳንቲሙ ገበያውን ሞላው፤ ማንም ልብ አላለውም። ሄርሚጶስ ግን ገብቶታል መሰለኝ፣ «ሂድ እንግዲህ፣ ግን ቀኝህን ከግራህ ሳትለይ ሚስት እንዳታገባ» ብሎ እየሳቀ ለቀቀኝ። የከተማው ጸሐፊ ስሜን ከነጻ ሰዎች ጋር ሲመዘግብ «የማን ልጅ?» አለኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ባሪያን ማን አባትህ ማነው ይለዋል? እንባዬ ቀደመኝ።

እማዬ፣ በድርቁ ጊዜ ልጄን በእህል ለወጥኩት እያልሽ አታልቅሺ። ታትያ በሕይወት ያለችው በዚያ እህል ነው። ይኸው እኔም ተርፌያለሁ።

ታትያን ሳሚልኝ፣ ባሏን ሰላም በይልኝ። ይህን የሚያነብልሽ አያ ታታስም ሰላም ይሁን፤ ስለ ግራ እጇ ነገር ግን አደራ፣ ምላሱን ይያዝልኝ። ወይኑ ሳይለቀም እመጣለሁ።

ኒሳ ከተማ፣ በበዓሉ ማግስት

ማኔስ፣ የአጳስ ልጅ