የአጎታችን ድምፅ በየትኛው ፕሮግራም ይቀዳ?

ውድ ወንድም ጋሼ ዊልፍሪዶ፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ዮካስታ ቀድማ ነግራህ ከምትስቁብኝ ራሴ ባወጣው ይሻላል። ቅዳሜ ዕለት የአጎታችንን የሌዎካዲዮን ድምፅ ለፖድካስታችን አንድ ሰዓት ሙሉ ቀዳሁ ብዬ የቀዳሁት ቬንትሌተር ነው! አዲሱን ማይክሮፎን አፉ ሥር ደቅኜለት፣ ፕሮግራሙ ለካ የሚሰማው ቬንትሌተሩ ሥር ባስቀመጥኩት ኮምፒውተር በራሱ ማይክሮፎን ኖሯል። በየትኛው እንደሚሰማ መምረጥ ነበረብኝ። ሃያ ዓመት የሬዲዮ ሴት ነኝ ብዬ የተኩራራሁት እኔ ጉድ ሆንኩልህ።

ለመሆኑ እንዴት ነህ? የአንቶፋጋስታ አቧራ ሳልህን አልቀሰቀሰብህም? ማሪቤል ከወሊዱ በረታች? ጨቅላዋስ እንቅልፍ ትሰጣችኋለች? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷ እንጂ አፏ አልደከመም።

የአጎቴን ጉሮሮ ነገር ሰምተሃል። ኦፕራሲዮኑ ሐሙስ ነው። ሐኪሙ ነፍሱ ትተርፋለች፣ ለድምፁ ግን ዋስ አልሆንም ብሏል። አርባ ዓመት በዚያች አሮጌ ፒካፕ ጣሪያ ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ የባራኦናን ሞትና ሠርግ ያወጀ ሰው! እኔና ልጁ ዮካስታ ከሐሙስ በፊት እንቅዳው ብለን ተነሣን። በየትኛው ፕሮግራም የሚለው ላይ ግን ዓይጥና ድመት ሆነናል።

እሷ የመረጠችው ኢንተርኔት ላይ የሚሠራውን ነው። አልክድም፣ ጎበዝ ነው፤ የእያንዳንዱን ሰው ድምፅ ለየብቻ ይይዛል፣ ዝምታውን ይቆርጣል፣ ጫጫታውን ያጠራል። ትናንት አጎቴን ቁም ሣጥን ውስጥ ልብስ መሀል አስቀምጠን ሞከርነው። ሃያ ደቂቃ እየተንተባተበ እንዳወራ መብራት ድርግም! ኢንተርኔቱም አብሮ ሄደ። ሰፈሩ በሙሉ «መብራት መጣ!» ብሎ ጩኸቱን ሲያስነካው፣ አጎቴ በላብ ተጠምቆ ከቁም ሣጥኑ ወጣና «እኔም ከመቃብር መጣሁ» አለ።

ከሃያው ደቂቃ የተረፈችው አራት ናት። ዮካስታ አጥርታ አሰማችው።

«ይሄ ማነው?» አላት።

«አንተ ነህ እንጂ አባዬ!»

«በጭራሽ! ይሄ ባንክ ስትደውይ ‹ይጠብቁ› የሚልሽ ሰውዬ ነው። ትንፋሼን የት ጣልሽው?»

እኔ ይሄኔ ኮራ ብዬ የራሴን አቀረብኩ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫነውን፣ ነጻውን፣ መልኩ ያረጀውን፣ ሁሉን በእጅ የምትቆርጥበትን። ዮካስታ «ዝም በይ፣ አንቺ የቬንትሌተር ጋዜጠኛ!» አለችኝ።

የገላገለን ራሱ ነው። ሞተር ካልተነሣ አፌ አይከፈትም፣ ፒካፕዋ ላይ ቅዱኝ አለ። ለካ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደዚያ የተንተባተበው ለዚህ ነው! መንገድ ላይ ደግሞ ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል፤ ስለዚህ የኔው ፕሮግራም አሸነፈ። ዮካስታ ግን ዛሬ ጠዋት ሞተሩን አስነሥታ ትንሽ ቀዳችውና ጫጫታ ማጥሪያውን ብትነካበት፣ ከሞተሩ ጋር የአባቷ ወፍራም ድምፅ ግማሹ ሄደ። እንባዋ መጣ። «እንዳለ ይቀመጥ፣ ሞተሩም የሱ ነው» አለች።

ረቡዕ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እንወጣለን። እኔ ግን መቀመጥ አቅቶኛል። ዛሬ ብቻ ማይክሮፎኑ መመረጡን አሥራ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። በስልክም ደርበን እንቀዳለን። ሁለተኛ ዕድል የለማ!

ምን እንደሚናገር ስጠይቀው፣ «አርባ ዓመት የሞተ ሰው ስም ስጠራ ኖርኩ፤ ረቡዕ በሕይወት ያሉትን ልጥራ» አለኝ። ከዘመድ ነው የሚጀምረው። ሲነግረኝ ጻፍኩ፤ አንተን፣ ማሪቤልን፣ ከዚያ ልጃችሁ ላይ ስንደርስ «ስሟስ?» አለኝ፤ ቦታውን ባዶ ተውኩት። እናንተ ሰዎች እስካሁን ስም አላወጣችሁም! ዛሬውኑ ተስማሙና ላኩልኝ፤ በአፉ ልክ እንዲጠራትም ድምፅህን ቀድተህ ላክ።

ማሪቤልን አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ። አማትህን በአክብሮት እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። እማዬ ሁላችሁንም ትመርቃለች፤ ዮካስታ ኩርፊያዋ ሲበርድላት ትደውልልሃለች። ለትንሿ ግን ሰላምታዬን አሁን አልልክም። አጎታችን ይቅደመኝ፤ እንዴት አድርጎ እንደጠራት፣ ትንፋሹንም ሞተሩንም ሳልነካ ረቡዕ ማታ እልክልሃለሁ።

እህትህ ኔሬይዳ
ባራኦና፣ ሰኞ ጁን 10 ቀን 2024