በሲኞር ጁሊዮ መዳፍ

ሮም፣ ኅዳር

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ብርዱን ቻለው? እኔን የእህቴ የሐይማኖት ነገር አስጨንቆኛል እንጂ ሌላው ደህና ነው።

የላክሽልኝን ድምፅ ሰማሁት። ሐይማኖት ሆስፒታል ከተኛች ወዲህ መድኃኒቱ አልሠራላት ስላለ፣ በልጅነቴ ልሞት ስል አንገቴ ላይ ያሰርሽልኝን የብር መስቀል ላኪላት አልሽኝ። እማዬ፣ መስቀሉ እኔ ዘንድ የለም። ሸጠችው ብለሽ እንዳታዝኚብኝ እውነቱን ልንገርሽ።

ሳስታምማቸው የኖርኩት ሽማግሌ፣ ሲኞር ጁሊዮ፣ በፋሲካ ሰሞን ማረፋቸውን ነግሬሻለሁ። ፋርማሲስት ነበሩ። የጥንት ሮማውያንን የብር ሳንቲም ይሰበስቡ ነበር፣ ያውም የፈውስ አማልክት የሚሏቸው የተቀረጹበትን ብቻ። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት አንድ ነበራቸው፤ ፂማም ጣዖት፣ በትሩ ላይ እባብ የተጠመጠመበት። ሲያማቸው እሱን ጨብጠው ይተኛሉ። ሲሞቱ አጥቤ ያለበስኳቸው እኔ ነኝ። ባለቤታቸው ሲኞራ ፒና ሳንቲሙን ሰጡኝና ይዞት ይቀበር፣ እጁ ውስጥ አድርጊለት አሉኝ። ቫ ቤኔ፣ እሺ ሲኞራ አልኩ። አንጀቴ ግን እንቢ አለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት እንደ አባት ያስታመምኳቸውን ሰው እባብ አስይዤ እንዴት ወደ መቃብር ልሸኛቸው? መስቀሉን ከማተቤ ፈትቼ መዳፋቸው ውስጥ አደረግሁት፤ ሳንቲሙን ሽርጤ ኪስ ከተትኩት።

ሐይማኖት ከታመመች ወዲህ፣ ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርገኝ ሲኞር ጁሊዮ ይመጣሉ። አይቆጡም። አጠገቤ ቆመው መዳፋቸውን ይከፍቱና መስቀሉን ያሳዩኛል። ውሰጂው የሚሉኝ ይመስለኛል። ከመቃብር እንዴት አድርጌ ልውሰደው?

ፍርሃቱ ሲበዛብኝ ያደረግሁትን ለሲኞራ ነገርኳቸው። ያባርሩኛል ስል፣ «ሳጥኑ ሳይዘጋ አይቼዋለሁ፤ ጣቶቹን መልሼ ያጠፍኳቸው እኔ ነኝ» አሉኝ። ሳንቲሙም ላንቺ ይሁን አሉ።

እሱኑ ልኬልሻለሁ። የአገራችን ልጅ እየሩስ ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ ስለምትበር ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ ሄጄ ሰጥቻታለሁ። ጥሩ ብር ነው። ድሮ ጠገራ ብር አቅልጠው መስቀል ያሠሩ የለ? አንጥረኛው አቅልጦ መስቀል ያድርግልሽ፣ ቄሱ ይባርኩትና እሰሪላት። እባቡም እሳት ውስጥ ይቀራል።

የማፍርበት ነገርም አለ። ክረምት ከበጋ የማይለቀኝ ያ ሳል፣ ሳንቲሙ ኪሴ ከገባ ወዲህ ጠፍቷል። ለንስሐ አባቴ አልነገርኳቸውም።

የሚምር እሱ ነው፣ ምሕረቱን ያውርድላት። አንቺንም ለልጆችሽ ያቆይልን። ጉልበትሽን ስሜአለሁ።

ልጅሽ

እማዬ፣ አንጥረኛው ጋ ከመውሰድሽ በፊት ሳንቲሙን አንድ ሌሊት አስጨብጫት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ትይ የለ። ከተሻላት አታቅልጪው። ለቄሱም አትንገሪያቸው።