አስታማሚ ነኝ አልኩ

ሰኞ፣ ሰኔ ሲገባ

በመተማ ምድር ከእኔ የበለጠ የሚያነብና የሚጽፍ ሰው የለም። እሺ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ አሉ። የጣሊያኖቹ አስተርጓሚም አለ። ከሐጅ ኢድሪስ ሱቅ ተሸካሚዎች መካከል ማለቴ ነው። ሦስት ነን፤ ሦስተኛው አህያው ነው።

ዛሬ አፌ ጉድ ሠራኝ። አስተርጓሚው ገበያ መሐል ሳጥን ላይ ቆሞ ይለፍፋል። ማንበብና መጻፍ የሚችል ጎበዝ ጎንደር ሄዶ ሦስት ወር ይማርና አስታማሚ ይሆናል። ነጭ ልብስ ይሰጠዋል፤ ማኅተም ያለበት ወረቀትም ይቀበላል። መኪናው ቅዳሜ ነው። እኔ ጆንያ ተሸክሜ ነበር። ዝም ብዬ ባልፍ ምን ነበረበት? "እኔ እያለሁ ሌላ ሰው ትፈልጋለህ?" አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ስሜን ጠየቀኝና ጻፈው።

ማታ ማታ ፊደል የቆጠርኩት ስሜ ተጽፎ ሳየው ደስ እንዲለኝ ነበር። ዛሬ ግን ሳየው ጆንያዬን ይዤ ሮጥኩ።

ሥራውን አልፈልገውም ማለቴ አይደለም። እፈልገዋለሁ። ባለፈው መኸር ለማሽላ አጨዳ ከደጋ የወረደው ሰው በወባ እንደ ቅጠል ሲረግፍ አይቻለሁ። ጆንያ ተሸክሜ ከማረጅ፣ አንድ ሰው ከአልጋ አንስቼ አገሩ ብልክ ይሻለኛል። ነጩ ሱሪም አይከፋም።

ሱቁን ስንዘጋ ሐጅ ኢድሪስ ጠሩኝ። "ያ ወለድ፣ ትምህርቱን ካልክ ማዶም አለ እኮ" አሉኝ። ማዶ ገላባት ነው፤ ከደረቁ ወንዝ ወዲያ፣ እንግሊዞቹ የሚገዙት ሱዳን። እዚያ ካለው ሕክምና ቤት አንዳንድ ልጅ መርጠው ገዳሪፍ ትልቁ ሆስፒታል ይልካሉ አሉ። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው። ደግሞ መንገዱ ዋልካ ስለሆነ ዝናቡ ከጠና መኪና አያልፍም። ወደ ገዳሪፍ የዘንድሮው የመጨረሻ መኪናም ቅዳሜ ነው።

ይህ ቅዳሜ የሚባል ቀን ምን በድዬው ነው?

ማክሰኞ

ለእናቴ ነገርኳት። ጥጥ እየፈተለች ሳቀች።

"ማስታመም ደግሞ ትምህርት ቤት አለው? አባትህን ያን ያህል ጊዜ ሳስታምም ማን አስተማረኝ?"

"ይኼ ሌላ ነው እማ።"

"እንዴት ሌላ ነው? በሽተኛ በሽተኛ ነው፤ ታጥበዋለህ፣ ታጎርሰዋለህ፣ ሲያቃስት ትሰማዋለህ።"

ይህ ከሆነ ጎንደር ድረስ ምን ያስኬደኛል?

እሷ የራሷን መርጣልኛለች። ወንድሟ ሽንፋ በምትባል መንደር ወጌሻ ነው። "እሱ ዘንድ ሂድ። አጥንት መጠገን ተማር። በየበዓሉ መጥተህ ታየኛለህ።" አጎቴ እጁ ጥሩ ነው፤ የተሰበረ ሰው ተሸክመውለት መጥተው በእግሩ ሲሄድ አይቻለሁ። ወባ ግን አጥንት የለውም፣ ምኑን ያሽለታል?

ጎንደርስ? ሦስት ወር ምንም አይደል። ልብሱ አለ፣ ወረቀቱ አለ። ግን ታላቅ ወንድሜ ከገለጉ ወዲያ ጫካ ውስጥ ነው፣ ከአርበኞቹ ጋር። እሱን የሚያሳድደውን ወታደር ቁስል እኔ ሳስር ቢሰማ ምን ይላል? እናቴ ይህን በአፏ አላነሳችም። ጎንደር ባልኩ ቁጥር ግን እንዝርቷ ይቆማል።

ገዳሪፍ ደግሞ ሁሉ ነገር በዐረብኛ ነው። የእኔ ዐረብኛ የገበያ ነው፤ "ስንት ነው" እና "ቀንስ"። በሽተኛን ቀንስ ብለው ምን ይለኛል? ደግሞ ድንበሩን የዘጉት ዕለት እዚያው መቅረቴ ነው።

የኔታን ጠየቅኋቸው። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ "ሦስት ወር? አንተ ከሀ ተነሥተህ ፐ ለመድረስ ስንት ክረምት እንደፈጀብህ ረሳኸው?" አሉኝ። እያንዳንዷን ፊደል እያጣጣምኩ ስለሄድኩ ነው አልኳቸው። ሐኪም በየትኛው ሐ እንደሚጻፍም ጠየቅኋቸው። "መጀመሪያ ሥራውን ልመድ" ብለው አባረሩኝ።

እንቅልፍ ከየት ይምጣ።

ረቡዕ

የሐጅ ኢድሪስን ሙጫ ጭኜ ወደ ገላባት ተሻገርኩ። በሁለቱም ወገን ያሉት ዘበኞች ከእኔ ይልቅ አህያውን ያውቁታል፤ ለእሱ ብለው ነው የሚያሳልፉኝ።

ጭነቱን አራግፌ ሕክምና ቤቱ ሄድኩ። ሱዳኖቹ ሽፍካና ይሉታል። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ የጀላቢያውን እጅጌ እስከ ክንዱ ሰብስቦ እጁን ይታጠባል። አም በሺር ነው፤ የአስታማሚዎቹ ሁሉ አለቃ። አማርኛ ከገበያ ለቅሟል። እኔ ከቤቴ ጀምሮ ንግግር ሳሰናዳ ነው የመጣሁት፦ ማንበብ እችላለሁ፣ መጻፍ እችላለሁ፣ አስተምሩኝና አስታማሚ ልሁን፣ ብቻ ረጅም ነበር። ፊቱ ስደርስ ደረቴን ነፋሁና ከሁሉ አሳጥሬ፣

"አስታማሚ ነኝ!" አልኩ።

ፊቱ በራ። "አልሐምዱሊላህ! መጣህ? አንተ ሰው፣ ወንድምህን ጥለህ የት ከረምህ?"

እጄን ይዞ ጥግ ወዳለ አልጋ ወሰደኝ። አንድ ሰው ተኝቷል፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ወሎዬ ነው፣ ለሥራ የወረደ፣ ባልደረቦቹ አድርሰውት የሄዱ፣ ይማም የሚባል። በየአልጋው ግርጌ እናት ወይ ሚስት ተቀምጣ ታራግባለች፣ አጥሚት ታጠጣለች። የእሱ ግርጌ ባዶ ነበር። አስታማሚ ይመጣለታል ሲባል ነው የከረመው። እኔ መጣሁ።

ስህተት ነው ልል አፌን ስከፍት አም በሺር እርጥብ ጨርቅ እጄ ላይ አደረገልኝ። እኔም በሽተኛው ግንባር ላይ አኖርኩት።

ይማም ዓይኑን ገልጦ አየኝና "አሊ፣ መጣህልኝ?" አለኝ። አሊ ማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። "መጣሁ" አልኩት። ምን ልበል ታዲያ?

ላገላብጠው ስሞክር በጎኑ የነበረችው ሴት ጮኸችብኝ። "ኧረ አንተ ሰውዬ! ሰሊጥ የምታራግፍ መሰለህ? ትከሻውን ደግፈው እንጂ!" እንዴት እንደሚደገፍ አሳየችኝ። ግንባሩን ሳቀዘቅዝ፣ ሲያልበው ሳደርቅ፣ ሲያስመልሰው ስይዘው ዋልኩ። በዚህ መሐል አም በሺር አንድ የእግር ቁስል ሊያጥብ ከአጠገባችን ሲቀመጥ አህያው ትዝ አለኝ። ወጥቼ አየሁት። ደህና ነው። ትንሽ ቆይቼ እንደገና ወጥቼ አየሁት።

ድንበሩ ሳይዘጋ ተመለስኩ። የመጣሁበትን ጉዳይ አንድ ቃል አላነሳሁም።

ሐሙስ

ዛሬም ልሻገር ፈቃድ ጠየቅሁ። ሐጅ ኢድሪስ ገርሟቸው፣ "ማዶ ወንድም አለህ እንዴ?" አሉኝ።

"ከትናንት ጀምሮ" አልኳቸው።

"ሂድ፣ ጆንያው አይሸሽም" አሉ።

ይማም ኪኒኑን እንቢ ብሏል። ያጎርሱታል፣ ይተፋዋል። መረረኝ ይላል። እኔም ጎንበስ ብዬ፣ "ይህን ኪኒን እየበላሁ አይደል እንዴ እንዲህ የወፈርኩት!" አልኩትና ክንዴን አሳየሁት። ክንዴ የመጥረጊያ እንጨት ያህላል። አየው፣ እኔን አየኝ፣ ሳቁ አመለጠው። በተከፈተው አፉ ኪኒኑን አስገብቼ ውሃ አስከተልኩለት። ዋጠ! ያቺ ትናንት የጮኸችብኝ ጎረቤታችን እንኳ "ጎሽ" አለችኝ። መቼም ዛሬ በእግሬ አልሄድኩም፣ በርሬ ነው።

አም በሺር አይቶ ኖሯል። ስለዚህ እውነቱን ነገርኩት። ወንድሙ አይደለሁም። ስሙን የሰማሁት ትናንት ነው። የመጣሁት ልማር ነው።

እጁን በጭኑ ላይ እየመታ ሳቀ። "ታዲያ ተመርጊ፣ የሐኪም ረዳት፣ ልሆን ነው አትለኝም! እናንተ ዘንድ አስታማሚ ማለት ዘመድ ነው። ስንት ዓመት ከእናንተ ሰው ጋር ስሠራ አስታማሚ መጣ ሲሉኝ ዘመድ ነው የሚገባልኝ።" ከዚያ ሳቁን ተወና፣ "ዘመድ ካልሆንህ ዛሬ ለምን መጣህ?" አለኝ።

"ጨርቁን ይዤ ሄጄ ነበር፣ ልመልስ" አልኩት። አላመነኝም።

የገዳሪፉን ሳይሸፋፍን ነገረኝ። የመጀመሪያው ዓመት መጥረግ፣ ማጠብ፣ ሰገራ መድፋት ነው። ነጭ ልብስ ወዲያው የለም። ተቀበልንህ የሚለው ሐኪሙ ነው፤ አም በሺር ራሱ ወስዶ ከማቅረብ በቀር ምንም ቃል አይገባም። ስለ ጎንደሩ ጠየቅሁት። "ያላየሁትን አልሰድብም" አለ። "ሄደህ ጠይቅ። የምትማርበት በሽተኛ ማን ነው? ስትሳሳት አጠገብህ ቆሞ እጅህን የሚይዝህ ማን ነው? ስትጨርስ የት ትሠራለህ? የሁለታችንንም መልስ ይዘህ ምረጥ።"

የእሱን ሦስቱንም መለሰልኝ። በሽተኛው የመጣ ሁሉ ነው። እጄን የሚይዘኝ እሱ ነው፣ እሱ ከሌለ ሌላ የእሱ ብጤ። ስጨርስ፣ ድንበሩ ሰላም ከሆነ ገላባት፣ ከአገሬ ሰዎች ጋር። "ሰላም ካልሆነስ?" አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ።

ዓርብ

አስተርጓሚውን ከጣሊያኖቹ ሕክምና ቤት በረንዳ ላይ አገኘሁት። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ጠየቅሁት፣ ቆቤን አውልቄ።

በሽተኛው ማን ነው? "ወታደር ነዋ።" ብሳሳት ማን ያርመኛል? "አትሳሳት።" ስጨርስ የት እሠራለሁ? "ጦሩ የሄደበት።" ከዚያ ዓይኑን አጠበበና፣ "ጥያቄ የሚያበዛ ሰው አልፈለግንም። ወንድም አለህ አይደል አንተ? ወዴት ነው ያለው?" አለኝ።

እቀራለሁ ብል ለምን ሊለኝ ነው፤ ለምን ካለኝ ወንድሜ ሊመጣ ነው። ያኔ ጭንቅላቴ አንድ ውሸት ወለደች።

"ጌታዬ፣ ሳልነግርዎ የቀረሁት ነገር አለ። ደም ሳይ እወድቃለሁ።"

"ምን? ይህን ሁሉ ጉራ ይዘህ?" አለና ወደ ውስጥ ተጣራ። አንድ ሰው የቆሸሸ ፋሻ የሞላው ሳህን ይዞ ወጣ። አፍንጫዬ ሥር አስጠጋው።

እኔም እንዴት ያለ አወዳደቅ ወደቅሁ! ዓይኔን ገለበጥኩ፣ ጉልበቴን አጠፍኩ፣ እንደ ሞላ ጆንያ ዝርግፍ። ማስመሰል ትምህርት ቤት ቢኖረው መምህሩ እኔ ነበርኩ። ውሃ ደፉብኝ። ስነቃ አስተርጓሚው ከሳቁ የተነሣ ግድግዳ ተደግፏል። "ይህን ለጎንደር ብልክ እኔን ነው የሚያስሩኝ" ብሎ ስሜን ሰረዘው።

ከሰዓት በኋላ ገበያው ሁሉ ሰምቷል። የሥጋ ሻጩ ሚስት ሳልፍ ሥጋውን በነጠላዋ ሸፈነችልኝ፣ "እንዳይወድቅብን" እያለች። ይሳቁ። ስሜ ተሰርዟል።

ለእናቴ ገዳሪፍን መረጥኩ አልኳት። እንዝርቷን አስቀመጠች። ከዚያ፣ "ገላባት ብትሆን ከዚህ ጮኼ እጠራህ ነበር። ገዳሪፍ ድምፄ አይደርስም" አለች። ሁለት ዓመት ነው አልኳት። "አውቃለሁ። ድንበሩ ግን የእኔና የአንተ አይደለም" አለችኝ። ተነሥታ ጋቢዬን ማጠፍ ጀመረች። ሂድ አላለችኝም። ጋቢውን ግን አጠፈችው።

ቅዳሜ

ይህን የምጽፈው ዋልካ መሐል ነው። ከገላባት ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ዝናብ ጣለ፤ መኪናው እስከ ሆዱ ተቀረቀረ። ሰዎቹ ቅርንጫፍ ቆርጠው ጎማው ሥር ይጎዘጉዛሉ። እኔ ገፍቼ ገፍቼ አሁን አረፍ ብዬ ነው።

ጠዋት ይማምን ተሰናበትኩት። ትኩሳቱ ወርዶ ቁጭ ብሏል። ጎረቤታችን አጥሚቱን እየሰጠችው ነበር፤ ከእንግዲህ እኔ አለሁ ብላኛለች። አጥርቶ አየኝና፣ "ለመሆኑ አንተ የማን ልጅ ነህ?" አለኝ። የመተማ ልጅ ነኝ፣ አሊ አይደለሁም አልኩት። ጥቂት አሰበ። "እንግዲያ አገሬ ስገባ ወንድሜ አስታመመኝ ነው የምል። የሰው ልጅ ነው ብል ማን ያምነኛል?" አለ።

እናቴ እስከ ወንዙ ሸኘችኝ። ዘበኞቹ አላሳለፏትም። ከወዲያ ማዶ ዞሬ ሳይ ቆማለች። እጇን አላነሳችም። ምናልባት ካነሳች ዘበኞቹ የጠራችኝ ይመስላቸዋል ብላ ይሆናል። ትክክል መረጥኩ? ትናንት እርግጠኛ ነበርኩ። ዛሬ ዝናብ እያየሁ ሽንፋም ጥሩ ነበር እላለሁ።

አም በሺር ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ የገዳሪፉን ሥራ ሲያወራኝ ነበር። ሐኪሙ አዲስ ልጅ የሚፈትነው ቁስል በሚታጠብበት ክፍል ነው አለኝ፤ ሳህኑን ይዘህ ትቆማለህ፣ ከቆምህ ገባህ። "ይቺ ምን አላት!" አልኩ። ሳቅሁም። እሱም ሳቀ።

ጎማው ወጣ፣ ተሳፈሩ እያሉ ነው። አንድ ነገር ሳልጽፍ ግን አልነሣም። የትናንቱ አወዳደቄ ማስመሰል አልነበረም። ሳህኑን ማየቴ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ቀጥሎ የማስታውሰው ውሃውን ነው።