የኮኪት ሜዳ ያላንተ ሲለቀለቅ

አለምነህ ሆዴ፣

ሙት ዓመትህ ሊደርስ ነው። ቤቱ ደህና ነው፤ ላሟ ወለደች፣ አጥሩን አሳደስኩት፣ ልጃችን አስማማውም አሁንም የኮኪት ቡድን በረኛ ነው። ሳልነግርህ ማደር ያቃተኝ ግን የኳስ ሜዳው ነገር ነው።

ይህ ዋልካ አፈራችን ክረምት ሊጥ፣ በጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ መሆኑን ታውቃለህ። አንተ ግን አልሸነፍም ብለህ ኅዳር በገባ ቁጥር ስንጥቁን በሰሊጥ ገለባና በጭቃ ትደፍናለህ፤ ከዚያ የሁለቱን ጎሎች ፊት እንደ አውድማ በእበት ትለቀልቃለህ። እኔ ለምድጃየ ኩበት ሳጣ ሜዳው እበት ይጠግባል። ይች ሜዳ ጣውንቴ ናት እያልኩ ስነዘንዝህ ትስቅ ነበር። ሳቅህ ናፈቀኝ።

ዘንድሮ ማንም አልነካውም። ከጎረቤቶቻችን ከገንዳ ውሃ ቡድን ጋር የምንገጥምበት ቀን ሲቀርብ፣ ሜዳው እንዲህ ከሆነ ጨዋታው እነሱ ዘንድ ይሁን ተባለ። አስማማው የአባየን ሜዳ ትተን የት እንሄዳለን ብሎ እህል አልቀምስም አለ። እኔም ነደደኝ። በማግስቱ ጠዋት አንድ ባልዲ እበት ይዠ ብቻየን ወጣሁ። አንድ ባልዲ ለዚያ ሁሉ መሬት፤ ሞኝነቴን አየህ?

ጎንበስ ብየ ቆይቸ ቀና ስል መንገዱን ሰው ሞልቶታል። ሴቶቹ ባልዲ ተሸክመዋል፣ ወንዶቹ ገለባ የጫነ ጋሪ ይነዳሉ። ሰሊጡን አጭደው ወደ አገራቸው ሊሳፈሩ የነበሩት የወሎና የጎጃም ልጆች እንኳ ሻንጣቸውን ጥለው ሱሪያቸውን ሰበሰቡ። ማንም አልጠራቸውም። አንዱ ጎጃሜ፣ ከጋሽ አለምነህ ጎን ቁጭ ብየ ስንት ኳስ አይቸ ዝም ብየ ብሄድ ነውር አይደለም ወይ አለኝ። እበት መሆኑን ረስቸ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

እሁድ እዚሁ ተጫወቱ። አስማማው በተወረወረ ቁጥር ነፍሴ ወጥታ ትመለስ ነበር፤ ክርኑ ሳይላጥ ተነሳ። አንድ እኩል ወጡ።

ሰው ሲበተን ከጎሉ ቋሚ ሥር ያልተረገጠችውን ቦታ ጠጋ ብየ አየኋት። የደረቀው እበት ላይ የስንቱ ጣት ሄዶበታል፤ ሰፊ እጅ፣ ቀጭን እጅ፣ የልጅ እጅ። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ሰው ተክቶ መሄዱ ገረመኝ፣ ደነቀኝ። ከዚያ ያንተን ጣት ፈለግሁ። እንደሌለ እያወቅሁ ፈለግሁ።

ብቻ የከርሞ ሰው ይበለኝ። እስካለሁ ድረስ በየዓመቱ ሁለት ባልዲ ይዠ እወጣለሁ፤ አንዱን ለራሴ፣ አንዱን ላንተ እለቀልቃለሁ።