አልጎልን የለካንባቸው በጋዎች

ተካልኝዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሆነህ፤ ሙት ዓመትህንም ባለፈው እሑድ አወጣን። ቤቱ ደህና ነው። ክረምቱን ሲያፈስ የከረመውን የማድ ቤት ጣሪያ አስቀየርኩት። ባጃጅ አሁን ዳገቱን ወጥቶ እስከ በራችን ይመጣል። ልጃችን ሜሮን ቁመቷ እኔን አልፏል፤ ስታስብ እንደ አንተ እርሳስ ትነክሳለች። ይህንን ሁሉ በደስታ ልጽፍልህ ነበር የተቀመጥኩት። አልሆነልኝም። ተቀይሜሃለሁ።

ለሙት ዓመትህ ከአዲስ አበባ አንድ እንግዳ መጥቶ ነበር፤ ያኔ ለፊዚክስ መምህራን ስልጠና ስትሄድ አብሮህ የነበረ መምህር። ምሳ ከተበላ በኋላ ተነሥቶ ስለ አንተ ተናገረ። ቦንጋ ተቀምጠህ፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ አልጎል የምትባለውን ኮከብ ብቻህን በዓይንህ ተከታትለህ ስፋቷንና ርቀቷን እንዳሰላህ፣ ይህንንም በስልጠናው ላይ ስታቀርብ ሰዉ ቆሞ እንዳጨበጨበልህ አወራ። ሰው ብቻህን እንዴት እንደቻልከው ሲጠይቅህ፣ «ባለቤቴ ፋኖስ ትይዝልኝ ነበር» አልክ አሉ።

ፋኖስ። አጠገብህ ፋኖስ እየበራ ኮከብ በደንብ እንደማይታይ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። መብራት ሲጠፋ ጎረቤቱ ሲያማርር እኛ ደስ ብሎን ደጅ እንወጣ አልነበር እንዴ?

ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ በሰሜን በኩል አንጋጥጬ አልጎልን ከጎረቤቶቿ ጋር የማስተያየው እኔ ነበርኩ። አንተ መነጽር አድርገህም ልዩነታቸው አይታይህም። «አሁን ብርሃኗ ከግራዋ ኮከብ አነሰ» ስልህ ሰዓት አይተህ ለመጻፍ ወደ ቤት ትሮጣለህ። አንድ መስላ የምትታየን አልጎል እርስ በርስ የሚዞሩ ሁለት ኮከቦች መሆኗን፣ ደብዛዛዋ በብሩኋ ፊት ስታልፍም ብርሃኑ እንደሚቀንስ ያስረዳኸኝ እዚያው ደጃችን ላይ ነው። ግርዶሹ የቆየበትን ጊዜ ይዘን፣ ፍጥነታቸውን ከመጽሐፍ ወስደን ስፋታቸውን አገኘን። ከስፋታቸውና ከዚያው መጽሐፍ ካገኘነው ሙቀታቸው ትክክለኛ ብርሃናቸውን አሰላን፤ እሱን እኛ ዘንድ ከሚደርሰው ጋር አወዳድረን ርቀቱን አወጣን። ስሌቱን አብረን ነው የሠራነው፤ እኔም የሒሳብ መምህር ነኝ። መልሳችን ከመጽሐፉ ብዙም አለመራቁን ስናይ አቅፈኸኝ፣ «የሁለታችን ሥራ ነው» አልከኝ።

ከአዲስ አበባ ስትመለስ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኩህ። ሰዓት አልበቃም፣ ሳላቀርበው ቀረሁ አልክ። አንጀቴን በላኸኝ፤ አይዞህ ብዬ ዶሮ ሠራሁልህ። ያንን ዶሮ እንዴት ዋጥከው?

እንግዳው ሲቀመጥ ርዕሰ መምህሩ ትምህርት ቤቱ የኮከብ ክበብ በስምህ ሊያቋቁም እንደሆነ ነግሮን፣ እኔም አንድ ቃል እንድናገር ጠየቀ። ተነሣሁ። «አስተማረኝ፣ አብረን አሰላን። ኮከቧን ያየሁት ግን እኔ ነኝ» አልኩ። እህትህ እትዬ አስካለ ቀስ ብለው፣ «ሞቶም አልተውሽው?» አሉኝ። እንግዳው ሲሄድ በር ላይ ቆሞ ይቅርታ ጠየቀኝ። እሱ ምን አጠፋ? ያንን ቃል ካንተ መስማት ነበረብኝ።

ክበቡን እንድመራ ጠይቀውኝ እሺ ብያለሁ፤ ስምህም እንዳለ ይቆያል። አልረሳህም ተካልኝ። ዛሬ ሲመሽ ተማሪዎቹን ይዤ ሜዳው ላይ እወጣለሁ። የአልጎልን ግርዶሽ ማን እንዳስተማረኝ እነግራቸዋለሁ። ማን እንዳየውም እነግራቸዋለሁ።

አልማዝ