የጓሮው ሣር ቀጠሮ

ሰኔ ፫

ካፊያ። ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ከጡረታ በኋላ ለራሴ ያስቀረሁት ሥራ አንድ ነው፤ የጓሮውን ሣር ማጨድ። ዛሬም እንደ ልማዴ የማሽኑን ስለት ዝቅ አድርጌ እስከ ሥሩ ላጨሁት። ዳኛ ሳለሁ የፍርድ ቤቱ ሣርም እንዲሁ እንዲያጥር አዝዤ ነበር። ሥርዓት ማለት እንዲያ ይመስለኛል።

ሰኔ ፬

ዝናቡ ጋብ ሲል ባለቤቴ ልብስ ልታሰጣ ወጣች... አዳለጣት። ጉልበቷ አበጠ። ለካ ሣሩን የወረሰው ያ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ሽበት ነው።

«ይሄ ጓሮ ነው ወይስ ሳሙና? በሲሚንቶ ይደፈን!»

ቀጠሮ ለመንኩ። ሠላሳ ዓመት ቀጠሮ ስሰጥ የኖርኩት እኔ!

«እስከ ነሐሴ ሃያ። ከዚያ ወዲያ ይግባኝ የለም» አለች።

ሰኔ ፮

የፍርድ ቤቱን አትክልተኛ ጠራሁት። እሱም ጡረተኛ ነው። ጎንበስ ብሎ አየ፤ ሽበቱን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገ።

«ተናገር እንጂ ወንድሜ።»

«የገደሉትማ እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ። እርጥብ መሬት ላይ ሣር እስከ ሥሩ ሲላጭ አቅም ያጣል፤ ሽበቱ ቦታውን ይቀማዋል። የፍርድ ቤቱም እንዲሁ ነበር። በየዓመቱ አዲስ እየተከልን ነው የሸፈንንልዎ።»

«አብረን በሠራንበት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ደፍሮ?»

ራት አልበላልኝ አለ። ስንቱ ሰው በሌላም ጉዳይ እንዲሁ «እሺ» እያለ አሳልፎኝ ይሆን?

ሰኔ ፱

ሽበቱን ቧጥጠን አነሣን። ባለ አራት ጥርስ መቆፈሪያ እየሰካን መሬቱን በሳሳነው፤ ውኃው እንዲሰርግ አሸዋ ነሰነስን። ዘር በተንን። ወገቤ... ባለቤቴ በመስኮት ብቅ አለች፦ «ክቡር ዳኛ፣ ስንት ዓመት ከባድ ሥራ ፈረዱብህ?»

ሐምሌ ፪

በቅሏል! ተንበርክኬ በመነጽር አየሁት።

ሐምሌ ፲፱

ከጣቴ በለጠ። እጄን በላኝ፤ ማሽኑን አወጣሁ። አትክልተኛው ደርሶ ሞተሩን የሚያስነሣውን ካንዴላ ነቀለና ኪሱ ከተተው።

«መሬቱ ሲደርቅ፣ ያውም ከጫፉ ብቻ።»

ተቆጣሁ።

«ይቆጡ» አለና ካንዴላውን ይዞ ሄደ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ፀሐይ ስትወጣ እመልሳለሁ ብሏል!

ነሐሴ ፳

ሦስት ቀን ሲዘንብ ሰነበተ። ሲሚንቶ እንዲያነጥፍ ባለቤቴ የቀጠረችው ሠራተኛ ከነሜትሩ መጣ። ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃ ወደ ሣሩ ገባች። እስከ አጥሩ ሄደች... ተመለሰች። ደግማ ሄደች፤ አሁንስ ፈጠን ብላ። አላዳለጣትም።

«ይቅርታ ልጄ፣ ሌላ ግቢ ፈልግ» አለችው።

እልል አልኩ። እኔ! ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ።

ደስታው ሞቅ ሲያደርገኝ፣ ፍርዱን ሊሰማ የመጣውን አትክልተኛ፦ «ዛሬስ ትንሽ ባሳጥረው ምን ይመስልሃል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አይሆንም» አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

ወንበር አምጥቼ ከጎኔ አስቀመጥኩት።