አንብቤ የደበቅሁት የሳምንቱ ትንበያ

ለልጄ ለታላይ፣

በሰው አገር ጤና ይክበብህ፣ የቆምክበት መሬት ይመችህ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ያው ነው። ሚስትህ ልጅቷን ጡት አስጥላለች። ቸኮልሽ ብላት ማን ይሰማኛል።

የምጽፍልህ ግን ያሳፈረኝን ነገር ነው። ጎረቤታችን ሳይራኩል፣ "እትዬ፣ በስልሳ ዓመትሽ ፊደል ቆጥረሽ ማን ሊቀጥርሽ ነው?" ብላ ሰው እንዳሳቀችብኝ ታውቃለህ። በግንቦት መጨረሻ የሳምንቱ የአየር ትንበያ ሱቁ በር ላይ ተለጠፈ። ሐሙስ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጥላል ይላል። ይህን አንብቤ የእኛን በጎች ሳልሸልት ተውኳቸው። ማክሰኞ ሳይራኩል በጎቿን ልትሸልት መቀስ ስትስል በአጥሩ በኩል አየችኝ።

"ምሁሯ፣ ወረቀቱ ስለ ሰማዩ ምን ይላል?" አለችኝ።

"እኔ ምን አውቄ" ብያት ገባሁ።

ሐሙስ ዝናቡ መጣ። የተሸለቱት አሥራ አንድ በጎቿ በብርድ አለቁ። ላጽናናት ብሄድ፣ "አላህ ያመጣው ነው፣ እትዬ፣ ማን ያውቅ ነበር?" አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ።

እውነቱን ልነግራት ቆርጫለሁ። ባዶ እጄን ግን አልሄድም። ለቤት መሥሪያ ያስቀመጥካቸውን ሰባት በጎች ልስጣት? እሺ ካልክ ጻፍልኝ፤ ስልክ ከሆነ ሚስትህ ትሰማለች።

አላህ ዕድሜህን ያርዝመው። እንደ እናትህ ካለ ጎረቤትም ይሰውርህ።

እናትህ